የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጥርሶች

«እኔው ነኝ ለንስሐ አባታችን የነገርኩት፤ አሁን ደግሞ እኔው ላስረዳቸው?»

ይህን ያለችው ዘቢደር ነበረች። ባሏ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ገና ከአልጋቸው ሳይነሡ፣ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ በስተኋላ ሆነው ሰሟት። በር ላይ የቆመው የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጸጋው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከነገ ሌሊቱ የበዓል ማሕሌት ጀምሮ የደብሩን ማሕሌት የሚመራው ተማሪያቸው ባዘዘው እንደ ሆነ፣ ነገሩም ተመክሮበት እንዳለቀ፣ መሪጌታ እንዳይቀየሙ ቀስ አድርጋ እንድትነግራቸው አደራ አላት። «ማንም ጠልቷቸው አይደለም እኮ፤ ደም ሆነና ነው። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው» አለ።  ዘቢደር ጉንደ ወይን ስላለችው እናቱ ጠየቀችው፤ «ደኅና ናት፣ ጉልበቷን ነው የሚያማት» አላት። ስለ ጤፍ መወደድም ጥቂት ተነጋገሩ። በሩ ሲዘጋ መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው የተኙ መሰሉ።

ሕመሙ ከጀመራቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ቁርጠት ነበር፤ ቀጥሎ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሆነ፤ አሁን አሁን ደም ብቻ የሚወጣበት ቀን አለ። አሜባ ነው ተብሎ የአሜባ መድኃኒት ዋጡ። ሥር ቀምሞ ያጠጣቸውም ሰው ነበር። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄደው አንጀታቸው በካሜራ ሲታይ፣ ትልቁ አንጀት ከዳር እስከ ዳር ቆስሏል ተባለ። ሥርዓቱን ስለሚያውቁ መጀመሪያ ላይ ደም በታያቸው ቀን ከቅጽሩ ውስጥ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆመው ያስቀድሱ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ደም የማይታይበት ቀን ጠፋ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከማሕሌቱ ሌላ ቦታ አያውቁም። ስለዚህ አሮጌ ነጠላ አጥፈው ከውስጥ እየታጠቁ መግባት ጀመሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዜሙ ነጠላው ሲረጥብ ይታወቃቸዋል፤ ቢሆንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አያውቁም። ነጠላውን የምታጥበው ዘቢደር ናት። ጎረቤት ሳይነሣ አጥባው፣ ውጭ ማስጣት ስለማትችል ከጓዳው በተወጠረ ገመድ ላይ ታደርቀዋለች። ስለዚህ ነገር ባልና ሚስቱ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። መሪጌታ ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጥረውት ነበር።

ተነሥተው ሲወጡ አጥሚት ቀርቦ ጠበቃቸው። የሚኖሩባት ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘች፣ ለማሕሌት መሪ የምትሰጥ የጭቃ ቤት ናት። ልጅ የላቸውም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕለ ማርያምና በጥምቀት ቀን የተነሡት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። መሪጌታ አጥሚቱን በቀኝ በኩል ባሉት የመንጋጋ ጥርሶች አቅጣጫ እየመለሱ ቀስ ብለው ጠጡት። የፊት ጥርሶቻቸው ከነኳቸው ይወዛወዛሉ፤ ድዳቸው አብጦ ጠዋት ጠዋት መግል ይተፋሉ። ዘቢደር ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ጸጋው ነበር የመጣው» አለች።

«ድምፁን ሰማሁ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ምን ያህሉን እንደ ሰሙ ከፊታቸው ለማንበብ ሞከረች፤ መሪጌታ ግን ፊታቸውን ወደ ብርጭቆው መልሰው ነበር። «ዛሬ ነው አይደል ቀጠሮዎ? ልከተልዎ?» ስትላቸው «ተዪው» አሉና ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው አንድ ነገር ሊናገሩ ፈልገው ነበር። ዘቢደር ዕቃውን ማንሣት ጀምራለች፤ ጀርባዋ ነው የሚታየው። ትከሻዋ ከስቷል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደ ከሳች አላወቁም። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱ።

የደብረ ማርቆስ ብርድ ጠዋት ላይ አጥንት ይሰብራል። ባጃጁ ውስጥ አብራቸው የተቀመጠች ሴት ከሉማሜ ለአንድ ቀን ብላ መጥታ መንገድ ተዘግቶባት ሳምንት እንደ ሆናት ለሾፌሩ ትነግረዋለች። ልጆቿን ጎረቤት ጥላ ነው የመጣችው። ሾፌሩ «ዛሬ ይከፈታል ይላሉ» አላት። «ትናንትም እንደዚሁ አላችሁኝ» አለችው። መሪጌታን ስታያቸው ከተቀመጠችበት ጠጋ ብላ «አባቴ ይጸልዩልን» አለች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግነቱ ጋቢያቸው ወፍራም ነው፤ ባጃጁ በጎርበጥባጣው መንገድ ላይ በዘለለ ቁጥር ከሆዳቸው በታች የሚሰማቸውን ነገር ሌላ ሰው አያይባቸውም። ሾፌሩ ሲያወርዳቸው መቀመጫውን ዞር ብለው አዩት። ንጹሕ ነበር።

ዶክተር ሕሊና የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት፤ ለዚህ አገር እንግዳ ብትሆንም የሰውን ዐይን አይታ የምታናግር ሴት ናት። ገና ሲገቡ ተነሥታ አስቀመጠቻቸው። እስከ አሁን የሚወስዱት ክኒን ፊታቸውን አሳብጦታል፣ እንቅልፋቸውንም ነሥቷል፤ መጠኑን በቀነሰች ቁጥር ደሙ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ልታስጀምራቸው አስባለች። መድኃኒቱ ግን የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ ነው፤ አፋቸው መግል ቋጥሮ ሳለ ብትሰጣቸው የአፋቸው ቁስል ወደ ደማቸው ሊገባ ይችላል። ይህን ባለፈው ጊዜም ነግራቸዋለች። ዛሬ የጠየቋት ሌላ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ባለፈው ጥርስና አንጀት ይገናኛሉ ያልሽኝን በደንብ አልያዝኩትም። እስኪ ድገሚልኝ።»

«መሪጌታ፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ምራቁን ይውጣል። በምራቁ ውስጥ የአፍ ባክቴሪያዎች አሉ። ድድ ሲታመም መጥፎዎቹ ይበዛሉ። ጤነኛ አንጀት የራሱ ነዋሪዎች ስላሉት እንግዳ ሲመጣ ቦታ አይሰጥም፣ ያሳልፈዋል። የቆሰለ አንጀት ግን ነዋሪዎቹ ተመናምነዋል፤ ስለዚህ ከአፍ የወረዱት ያርፉበታል። ሰውነት እነሱን ለማጥፋት ይቆጣል። ሲቆጣ ደግሞ የራሱን አንጀት ያቃጥላል።»

መሪጌታ እጃቸውን ወደ አፋቸው አነሡ፣ መልሰው አወረዱት። «እኔ በዚህ አፍ ነው የማመሰግነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ጥርሱ ከወጣ ደሙ ይቆማል?»

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች። «ይቆማል ብዬ አልምልልዎትም። ነገሩ ገና እየተጠና ነው፤ ጥርሱን ነቅሎ አንጀቱ ዳነ የተባለ ሰው እኔ አላየሁም። አፍዎ ከጸዳ መድኃኒቱን መጀመር እንችላለን። መድኃኒቱ ከሠራልዎ ደሙ ሊቆም ይችላል። እኔ የምለው ይህንን ነው» አለች። መሪጌታ «ሊቆም ይችላል» የሚለውን ብቻ ይዘው ወጡ።

ጥርስ የሚነቀልበት ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ታረቀኝ የሚባለው የጥርስ ሐኪም ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ መብራቱን አስጠግቶ፣ እያንዳንዱን ጥርስ በመሣሪያው ጫፍ እየነካ ቆየ። ከላይም ከታችም የፊቶቹ ሥራቸው ተበልቷል፤ የሚተርፉት የኋላዎቹ ናቸው አላቸው። መሪጌታ ከወንበሩ ቀና ብለው ተቀመጡ። አፋቸውን ጠረጉ።

«እኔ የዜማ መምህር ነኝ። እነዚህ ከወጡ ‹ሰ›ን እንዴት እላለሁ? ‹ጸ›ንስ?»

ታረቀኝ የለበሰውን ጓንት እያየ አሰበ። ድዱ ከዳነ በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደሚገጠም፣ ለመብላትና ለመነጋገር እንደሚሆን ነገራቸው። «ለዜማስ?» ሲሉት «እውነቱን ልንገርዎ፣ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። ጥቂት እንዲታገሣቸው ለምነውት ወደ ውጭ ወጡ። ከሕንጻው ጀርባ የውኃ ሮቶ አለ፤ ከሥሩ አስታማሚዎች ልብስ ያጥባሉ። መሪጌታ ከሮቶው ጎን ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጠዋት የሰሙትን አሰቡ። ባዘዘው ነገ ሌሊት እሳቸው በቆሙበት ይቆማል። ጥርሳቸው ቢቀር እንኳ ከውጭ ቆመው የሚያዜሙት ለማን ነው? ደሙ ቢቆም ግን ቢያንስ ይገባሉ። ከኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቆማሉ። ባያዜሙም ይሰማሉ። ይህን ከወሰኑ በኋላ በዝግታ፣ ለራሳቸው ብቻ እንዲሰማ ብለው፣ መጀመሪያ የተማሩትን ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው ዘለቁት። በጭንቅ ጊዜ ድምፁ እንዲህ ጠርቶ ይወጣል ብለው አልጠበቁም ነበር። ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት እጇን ከሳሙናው አውጥታ «አባ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለቻቸው። «ማንም» አሉና ተመለሱ።

መርፌው ካደነዘዛቸው በኋላ ሕመም አልተሰማቸውም። የሚሰማቸው መጎተቱና ከራስ ቅላቸው ውስጥ የሚመጣ የመሰንጠቅ ድምፅ ነበር። ታረቀኝ በየመካከሉ «በርቱ አባቴ፣ አለቀ» ይላል፤ አላለቀም። የወጡት ጥርሶች ብረቱ ሳህን ላይ ሲወድቁ ኳ ይላሉ። ሲያበቃ በጥጥ አሽጎ አፋቸውን እንዲገጥሙ ነገራቸው። ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ሲገጥም ለመጀመሪያ ጊዜ የአባታቸውን አፍ፣ ጥርሳቸው ያለቀበትን የሽምግልና ዘመን አፍ፣ በገዛ ፊታቸው ላይ በጣታቸው ዳሰሱት።

የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ዶክተር ሕሊና አዲሱን መድኃኒት የጻፈችበትን ወረቀት ሲያቀብሉ፣ ውስጥ የነበረችው ባለሙያ መደርደሪያውን አየች፣ ሌላዋን ጠየቀች፣ ተመልሳ መጣች። «ይህ አልቋል አባቴ። ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ሲከፈት» አለች። መሪጌታ መናገር ስላልቻሉ ወረቀቱን እንደገና ገፉላት። «የለም አባቴ» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ደንቆሮ መስለዋት። ወደ ዶክተር ሕሊና ክፍል ተመለሱ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ስልክ ደወለች፤ ሌላም ቦታ ደወለች፤ በከተማው ካሉት ፋርማሲዎች ሁሉ አንዱም ጋ አልነበረም። ስልኩን አስቀመጠች። «ባለፈው ሳምንት ነበረ» አለች። «ጠይቄ መላክ ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ለጊዜው የቀድሞውን ክኒን እንዲቀጥሉ፣ ሲመጣ ራሷ እንደምትደውልላቸው ነገረቻቸው። መሪጌታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰገዱላት። ከዚያ ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በእግራቸው ነው የተመለሱት። ባጃጅ ውስጥ ሰው ቢያናግራቸው ምን ብለው ይመልሳሉ? ገበያው አጠገብ የሚያውቋቸው ሰዎች ቆመው እጅ ነሧቸው፤ መሪጌታ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለፉ። አንዱ «የኔታ ተቀይመዋል» ሲል ከኋላቸው ሰሙት። ዜናው ከእሳቸው በፊት ከተማው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ሲደርሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ደጁን ተሳለሙ፤ ወደ ውስጥ አላዩም።

ዘቢደር በሩን ከፍታ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጥጡን አውጥተው ተፉትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ውኃ አመጣችላቸው፤ አልጠጡም። ሊናገሩ ሲሞክሩ ምላሳቸው የሚያርፍበት አጥቶ ወደ ውጭ ወጣ። «ዘቢደር» ሊሏት ነበር፤ የወጣው ግን ትንፋሽ የበዛበት የሕፃን ኮልታፋ ቃል ነው። እንደገና ሞከሩ። ዘቢደር የባሏን አፍ እያየች ምን እንደሚሉ ለመገመት ተጨነቀች። በሦስተኛው ገባት።

«ለምን ነገርሽብኝ?» ነበር ያሉት።

መሬት ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። «እየባሰብዎ ሄደ» አለች። «ነጠላውን እኔ ነኝ የማጥበው። ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በደም ስለገቡ፣ በደም ስላዜሙ ነው የሚብሰው ብዬ ፈራሁ። እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው። የንስሐ አባታችንም ከነገርኳቸው በምሥጢር ይይዙልኛል፣ ብቻ ይመክሩልኛል ብዬ ነው እንጂ፣ ቦታዎን ይወስዱብዎታል ብዬ አይደለም።» ታለቅሳለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ አላለቀሰችም። መሪጌታ መልስ ሊሰጧት ፈለጉ። ሐኪሟ የነገረቻቸውን፣ ምራቁን፣ ባክቴሪያውን፣ በደም መግባታቸው ያመጣው እንዳልሆነ ሊነግሯት ፈለጉ። ይህን ሁሉ የሚናገሩበት አፍ አልነበራቸውም። ደግሞም እሷ የፈራችውን እሳቸውም ፈርተውት ያውቃሉ፤ በማሕሌቱ መካከል ነጠላው ሲረጥብ፣ የያዙት ዜማ ሳያልቅ በዚህ ነገር ይፈረድብኛል ያሉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እጃቸውን ራሷ ላይ ሊያደርጉ አነሡት። ሳያሳርፉት ሆዳቸው ቆረጣቸውና ተነሥተው ወደ መጸዳጃው ሮጡ። እዚያ በጨለመችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠው፣ ከአፋቸውም ከታችም ደም ሲወርድ፣ ሰው እንዳይሰማቸው ጋቢያቸውን ነክሰው ሊይዙ ሞከሩ። የሚነክሱበት ጥርስ አልነበራቸውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባዘዘው መጣ። ሠላሳውን ያለፈ፣ ድምፀ መልካም ሰው ነው፤ ከመርጡለ ማርያም አካባቢ ዜማ ፍለጋ መጥቶ እሳቸው ዘንድ የቀረ ነው። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና ጉልበታቸውን ሳመ። ፊታቸውን ሲያይ ወደ ዘቢደር ዞረ። ዘቢደር በአጭሩ «ጥርስ ተነቅለው ነው» አለችው።

«የኔታ፣ እኔ አልጠየቅሁም። እምቢ ብል ከሌላ ደብር ሊያመጡ ነው» አለ። ከዚያ ቤቱን በዐይኑ ቃኘና «ቤቱንም ለጊዜው አልፈልገውም» አለ። ለጊዜው ማለቱን ራሱም ሰማው፤ አንገቱን ደፋ። ዘቢደር መብራት አበራች።  ባዘዘው ለበዓሉ የሚባለውን እንዲሰሙለት ለመናቸው። አንዷ ስንኝ እምቢ ብላው ስትደናቀፍበት ሰንብታለች፤ በነገው ሌሊት ሁለት መቶ ሰው ፊት ከመቆሙ በፊት የኔታ ቢያርሙት። መሪጌታ በእጃቸው «በል» አሉት።

ባዘዘው ጀመረ። መልካም ነበር። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ተከተሉት። ሦስተኛዋ ስንኝ ላይ ሲደርስ፣ ድምፁ ቀስ ብሎ ወርዶ ሊያርፍ በሚገባው ቦታ፣ ባዘዘው ወደ ላይ ወጣ። የመሪጌታ እጅ ወዲያው ተነሣ። እዚህ ቦታ ላይ ያላስቆሙት ተማሪ የለም። እዚች ላይ የተሳሳተን አንድ ዲያቆን ዓቢይ ጾምን በሙሉ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ እሷኑ ብቻ አስደግመውት ነበር። ባዘዘው አቁሞ አፋቸውን አየ። መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ሊያሳዩት የነበረው አወራረድ ከደረታቸው ተነሥቶ እስከ ጉሮሯቸው በልኩ መጣ፤ ከከንፈራቸው ሲወጣ ግን ከተበሳ ጎማ እንደሚወጣ አየር ሆነ። ምራቅና ደም አገጫቸው ላይ ወረደ። እንደገና ሞከሩ። ዘቢደር ወደ ግድግዳው ዞረች። ባዘዘው ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ እየሰማው ያለው ነገር ምን ዓይነት ዜማ እንደሆነ ሊይዘው አልቻለም።

«የኔታ፣ ልክ አልነበርኩም?» አለ ቀስ ብሎ።

መሪጌታ አገጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ነገ ሌሊት ሁለት መቶ ሰው ፊት የሚቆመውን ተማሪያቸውን አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ።

«ልክ ነኝ?»

እንደገና ነቀነቁ።

ባዘዘው ፊቱ በራ። ያችኑ ስንኝ አሁን በሙሉ ልቡ፣ ያለ ፍርሃት፣ እዚያው ቦታ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ደገማት። ዘቢደር ከግድግዳው ዞር ብላ ባሏን አየቻቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲታረም ስትሰማ ኖራለች፤ ድምፁ የት መውረድ እንዳለበት ታውቃለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መሪጌታ በዐይናቸው ተዪው አሏት፤ ተወችው። ባዘዘው አመስግኖ፣ ጉልበታቸውን ሁለቴ ስሞ፣ ጫማውን በር ላይ አጥልቆ ወጣ። በአጥሩ ሥር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄድ ያችን ስንኝ እየደጋገመ፣ ድምፁን ከፍ እያደረገ፣ እንደ ተሳሳተ ያዜማት ነበር።